በሕይወት ይሰጠን

ጋሽ ምላጭ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ለእጁ ይሁን ለምላሱ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ራሱ መላጣ በመሆኑ አዲስ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ፈራ ተባ ይላል። ያኔ ጋሽ ምላጭ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ «አይዞህ፣ የኔን የቆረጠው ሌላ ሰው ነው» ይለዋል። ሰውየው ይስቃል፣ ሥራው ይጀመራል። ልጁ ከሞተች ወዲህ ግን ይህን ቀልድ አንዴም አልተናገረው። ደንበኞቹም ዝም ብለው ተስተካክለው ዝም ብለው ይሄዳሉ።

ልጁ የሕፃናት መምህርት ነበረች፤ ለእሱ አንድ ናት። ከባሏ ጋር አዲስ በተሠራ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይተው፣ ገና ዕቃቸውን በወጉ ሳይደረድሩ ነው ነገር የመጣው። የሕንፃው ባለቤትም ሠሪውም አንድ ሰው ነው፤ ሥራ ተቋራጭ። ምድር ቤቱን ለቤት ዕቃ መሸጫ ሊያከራየው ፈልጎ፣ አዳራሹ ሰፋ እንዲል መሐል ላይ የቆሙትን ምሰሶዎች አስቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ይሰነጣጠቅ ጀመር። ተከራዮቹ ሲጮኹበት ደረጃው ላይ ሰብስቦ፣ «አዲስ ቤት ነው፣ ይተነፍሳል። የተሰነጠቀው ቀለሙ ነው፤ ገብታችሁ ተኙ» አላቸው። የላይኛው ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩትን ሚስቱንና ልጆቹን ግን በዚያው ሳምንት አስወጣ። ሕንፃው ጠዋት፣ ሰው ለሥራ በሚለባብስበት ሰዓት ተደረመሰ። የጋሽ ምላጭ አማች የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በሩ ጋ ደርሶ ስለነበር እግሩ ተጨፍልቆ ነፍሱ ተረፈች። ሚስቱ ቦርሳዋን ረስታ ተመልሳ ነበር።

ሥራ ተቋራጩ ሬሳ ወጥቶ ሳያልቅ ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት አገር ገባ።

እዚያ መያዙ ሲሰማ የሟች ቤተሰቦች ተሰብስበው ጋሽ ምላጭን ወከሉት። «አንተ አፍ አለህ፤ ሂድና ይዘኸው ና» አሉት። እሱም ነገሩ ይኸው መስሎት ነበር። ሱቁን ዘጋ፤ ለልጁ ሠርግ የገዛውን ኮት ለበሰ፤ አውቶቡስ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ ሰውየውን በካቴና አስረው «በል፣ ውሰደው» ሲሉት ይታየው ነበር።

ችሎቱ ጠባብና ረጅም ክፍል ነው። ማይክሮፎኑ በተነካ ቁጥር ያፏጫል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ሰው ሲነሣና ሲቀመጥ ያቃስታሉ። ጋሽ ምላጭ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ፣ ከእንጨት ርብራቡ ወዲያ፣ ሥራ ተቋራጩ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። እጁን ቢዘረጋ ማጅራቱን ይነካዋል። ማጅራቱ በቅርቡ የተስተካከለ ነው። ‹እስር ቤት ውስጥም ደህና ባለሙያ አለ ማለት ነው› አለ በልቡ፤ እንዲህ ማሰቡም ራሱን አስጠላው።

ዳኛዋ ቀጠን ያለች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታሳርፍ ሴት ናት። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ሰው ጆሮውን እንዲያቀና የምታስገድድ ዓይነት ናት።

«ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን» አለች። «ይህ ችሎት ተጠርጣሪው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብሎ አይወስንም። ያ የጠያቂው አገር ፍርድ ቤት ሥራ ነው። የእኛ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ አሳልፈን እንስጠው ወይስ አንስጠው?»

ጋሽ ምላጭ ሳያስበው ብድግ አለ። «እመቤቴ፣ ታዲያ ስለሞቱት ማን ሊናገር ነው?»

የችሎቱ ሥርዓት አስከባሪ ወደ እሱ ሲራመድ ዳኛዋ በእጇ አቆመችው።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«አባት ነኝ። የሟች አባት።»

ሥራ ተቋራጩ ዞር አላለም።

«አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች ዳኛዋ። «እዚህ ግን ስለ ልጅዎ እንድሰማ ሕጉ አይፈቅድልኝም። ይቀመጡ፤ ወይም በዝምታ ለመቀመጥ ካልቻሉ ውጪ ይጠብቁ።»

ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ «ዝም በል» ተብሎ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ዝም አለ።

ችሎቱ ሲነሣ ኮሪደሩ ላይ ዐቃቤ ሕጉ አገኘው። ዐቃቤ ሕጉ የዚያ አገር ሰው ነው፤ የአሳልፎ መስጠቱን ጥያቄ ይዞ የሚከራከረው እሱ ነው። ወጣት ነው፤ ክራቫቱ ያጠረበት፣ ፀጉሩ ጆሮው ላይ የወረደ።

«ልጄ፣ አንተ ከኛ ጋር ነህ ወይስ ከሱ?» አለው ጋሽ ምላጭ።

«ከእናንተ ጋር ነኝ፣ አባቴ። ግን መንገዱ እርስዎ ያሰቡት አይደለም።» ዳር ይዞት ሄዶ መስኮቱ ሥር ቆሙ። «ዳኛዋ ብዙ ነገር ማጣራት አለባት። የተጠየቀው ሰው ይኸው ራሱ ነው? እሱ አልተካደም። አደረገ የተባለው ነገር እኛም አገር ወንጀል ነው? ለፍርድ የሚያበቃ ማስረጃ አለ ወይስ የፖለቲካ ቂም ነው? እነዚህን እናልፋቸዋለን። የሚያስፈራኝ የመጨረሻው ነው፤ ከላክነው በኋላ ምን ይጠብቀዋል የሚለው።»

«ምን ይጠብቀዋል ማለት?»

«እናንተ አገር ለተከሰሰበት ወንጀል የሞት ቅጣት አለ። እኛ ዘንድ የለም። እንደማይገደል ማረጋገጫ ካልተሰጠን በቀር አሳልፈን መስጠት አንችልም።»

ጋሽ ምላጭ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ማረጋገጫ? እሱ የገደላቸው ማረጋገጫ ተሰጥቷቸው ነበር?»

ዐቃቤ ሕጉ ትከሻውን ነካው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሥራ ተቋራጩ ጠበቃ ተነሣ። ድምፁ እንደ ማር ይንጠባጠባል። «የተከበሩ ዳኛ፣ ሕንፃ ወደቀ፤ ያሳዝናል። በእኛ አገር ግን የሕንፃ ጉድለት በውልና በካሳ የሚታይ ጉዳይ ነው። ደንበኛዬ ነጋዴ እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይደለም።»

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። «የቀረበው ክስ ሕንፃ ወደቀ አይልም። ምሰሶ አስቆረጠ፣ አደጋውን አወቀ፣ የራሱን ልጆች አወጣ፣ የሌላውን ሰው ልጆች ‹ተኙ› አለ ነው የሚለው። እውነት ሆኖ ከተገኘ እኛም አገር ስሙ ውል ማፍረስ አይደለም። መቃወሚያውን አልተቀበልኩም።»

ጋሽ ምላጭ ጉልበቱን በእጁ መታ። ‹ይቺስ የዋዛ አይደለችም› አለ። ሴትዮዋን ሊወዳት ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዚያ የሞት ቅጣቱ ነገር ተነሣ። ከኤምባሲ የመጣው ሰውዬ፣ የጋሽ ምላጭ አገር ሰው፣ ኮቱን ቆልፎ ቆመ። «መንግሥታችን የሞት ቅጣት ላይፈጸም እንደሚችል ተስፋ ያደርጋል» አለ።

«‹ላይፈጸም ይችላል› ማለት ‹ሊፈጸምም ይችላል› ማለት ነው» አለች ዳኛዋ። «እኔ ተስፋ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ቃል ነው፤ ያውም ቃሉን ለመጠበቅ ሥልጣን ያለው ሰው የሰጠውን። እርስዎ የፍትሕ ሚኒስትር ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ስለዚህ ይህን ልቀበል አልችልም። ሕጉ የሰጠኝ ጊዜ በመጪው ወር መጨረሻ ያበቃል። እስከዚያ ትክክለኛው ማረጋገጫ ካልቀረበ ተጠርጣሪውን ከመልቀቅ በቀር ምርጫ የለኝም።»

ይኼኔ ሥራ ተቋራጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዞረ። ከኋላ ወደ ተቀመጠችው ሚስቱ አየና ፈገግ አለ። ትልቅ ፈገግታ አልነበረም፤ ሰው የሚጠብቀው ታክሲ ከሩቅ ሲመጣ ሲያይ እንደሚያደርገው ያለ ነው። ጋሽ ምላጭ ግን አየው።

ጠበቃው ቀጠለ። «እንግዲያው ደንበኛዬ እስከዚያ በዋስ ወጥቶ...»

«አይወጣም» አለች ዳኛዋ። «አንድ ድንበር ተሻግሮ የሸሸ ሰው ሁለተኛውንም እንደማይሻገር ምንም አላሳዩኝም። በእስር ይቆያል።»

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ምላጭ ዐቃቤ ሕጉን ክንዱን ያዘው። «ይህቺ ሴትዮ የማን ወገን ናት?»

«የማንም» አለ ዐቃቤ ሕጉ። «ለዚህ እኮ ነው ሁለታችሁም የምትጠሏት።»

«ልትለቀው ነው!»

«ልትለቀው አትፈልግም። ሕጉን ጥሳ ብትሰጠው ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በማግስቱ ይሽረዋል፤ ያኔ ለዘለዓለም አጣነው ማለት ነው። አባቴ፣ ቁልፉ እኛ ጋ አይደለም። እናንተ አገር ነው።»

በመመለሻው አውቶቡስ ጋሽ ምላጭ ከጎኑ ለተቀመጠው ሰው እንኳ ሰላም አላለም። ያ ፈገግታ ከፊቱ አልጠፋ አለው። ድንበሩን ሲሻገሩ አንድ ነገር ወሰነ፤ ያ ሰውዬ ታክሲው ላይ አይሳፈርም።

በማግስቱ ከፍትሕ ሚኒስቴር በር ላይ ተገኘ። ጠባቂው «ቀጠሮ አለዎት?» ቢለው፣ «አለኝ፤ ከሞተች ልጄ ጋር» ብሎት ገባ። ጉዳዩን የያዘው ኃላፊ ፀጉሩ የሸሸ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ሁሉንም ሰማውና ወደ መስኮቱ ጠራው።

«ያን በር ያዩታል? ካልተሰቀለ ብላችሁ የተሰለፋችሁት እዚያ ነው። ‹ሞት ይገባዋል› የሚል ጨርቅ ይዛችሁ ነበር። ‹ሞ› የምትለዋ ፊደል ከዚህ ሆና ትታየኝ ነበር፤ ግዙፍ ነበረች።»

«የጻፍኳት እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ምላጭ። «የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው።»

ኃላፊው ሊስቅ ቃጣውና ተወው። «ሚኒስትሩ ‹አይገደልም› ብለው ቢፈርሙ በማግስቱ እዚያው በር ላይ ተመልሳችሁ ትቆማላችሁ። ‹መንግሥት ከገዳይ ጋር ተሻረከ› ትላላችሁ። ማን ይፈርማል? እናንተ ራሳችሁ፣ በአንድ ቃል፣ ይፈረም ካላችሁ ግን እኔ ወረቀቱን በእጄ ይዤ እሮጣለሁ።»

ጋሽ ምላጭ ደረጃውን ወረደ። ጠላቱ ጎረቤት አገር ያለ መስሎት ሄዶ፣ የሚፋለመው ከራሱ ሰዎች ጋር ሆኖ አረፈው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ከራሱ ጋር።

የሟች ቤተሰቦች የሚሰበሰቡት በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ ትልልቁ ሰው ሁሉ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ነው የሚቀመጠው። ጋሽ ምላጭ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያየውን የሰማውን ነገራቸው። የዳኛዋን ቃል፣ የሰውየውን ፈገግታ፣ የኃላፊውን መልስ።

መጀመሪያ የተናገረው አማቹ ነው። ክራንቹን ተደግፎ ተነሣ። «አባባ፣ በአጭሩ ይንገሩን። ይኑር ነው የሚሉት?»

«አዎ። ይኑር ነው የምለው።»

ክፍሉ ተናወጠ። አንዱ «ተገዝቷል!» አለ፤ ሌላው «አንተ ዝም በል» አለው። አንዲት ሴት ዘፍ ብላ ማልቀስ ጀመረች። አማቹ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ለዚህም ነው ሁሉም የሰማው። «እሷ አፈር ለብሳ፣ እሱ እየበላ እየጠጣ ይኑር? ይህን የሚሉት የሷ አባት ነዎት?»

መልስ ሳይጠብቅ ወጣ። ክራንቹ ኮሪደሩን ሲመታ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

እህቷን ያጣች ጡረተኛ ነርስ ናት ጸጥታውን የመለሰችው። «ወንድሜ፣ እኔ ገብቶኛል» አለችው ለጋሽ ምላጭ። «ሌላውም አድሮ ይገባዋል። አማችህ ለሚኒስትሩ በምንጽፈው ደብዳቤ ላይ ካልፈረመ ግን ዋጋ የለውም። ከፍርስራሹ ሲወጣ አገር በቴሌቪዥን አይቶታል። እሱ ‹አልፈረምኩም› ካለ ሚኒስትሩም አይፈርሙም።»

ጋሽ ምላጭ ለአማቹ ደጋግሞ ደወለለት፤ አያነሣም። ቤቱ ሄደ፤ አይከፍትም። «እሺ» አለ በበሩ ስንጥቅ፤ «እኔ ሱቄ ነኝ። የትም አልሄድም።» ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሱቁን ከፍቶ በሩን በሩን ሲያይ ይውላል። የሌላው ቤተሰብ ፊርማ ቀስ በቀስ ተሰበሰበ፤ የቀጠሮው ወር ግን እየተገባደደ ነው።

አንድ ጠዋት አማቹ መጣ። ሰላምታ አልሰጠም። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከቀብሩ ወዲህ ያልተነካ ጢም ደረቱ ሊደርስ ነው።

«ይላጩኝ» አለ።

ጋሽ ምላጭ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት፤ ሳሙናውን አረፋ አስነሥቶ ቀባው። ምላጩን ሲያነሣ አማቹ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ዝም በል። የሚላጭ ሰው አይናገርም፤ እቆርጥሃለሁ። ዛሬ የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንተ መሄጃም የለህም።»

አማቹ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይቅር ያልኩት እንዳይመስልህ» አለ ጋሽ ምላጭ፣ ጉንጩን ወጠር አድርጎ እየላጨ። «ጠዋት ጠዋት ይችን ምላጭ ስይዝ የሰው አንገት አያለሁ፤ የማስበው የማንን አንገት እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ሲስቅ አይቼዋለሁ። ለምን እንደሳቀ ታውቃለህ? እኛ እዚህ ‹ይሙት› ብለን በጮህን መጠን እዚያ እሱ ነፃ ይወጣል። ጩኸታችን ጠበቃ ሆነለት። እኔ ደግሞ ከፊት ለፊቴ አቁመው እንዲጠይቁት እፈልጋለሁ። ምሰሶውን ለምን ቆረጥክ? ማን ፈቀደልህ? አይቶ ዝም ያለህ ማን ነው? ልጆችህን ስታወጣ ልጄ እዚያ እንዳለች አላወቅህም? ይህን ሳይመልስ ቢሞትም፣ ሳይመልስ ቢፈታም፣ ለኔ አንድ ነው። ሁለቱም ማምለጥ ነው።»

ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ጠረገለት። አማቹ ዓይኑን ሲገልጥ ቀልቷል።

«እኔ አትመለሺ ብላትም አትሰማኝም ነበር» አለ፤ ስለ ቦርሳው መሆኑን ጋሽ ምላጭ አወቀ። «አባባ፣ ከፈረምኩ የከዳኋት ይመስለኛል።»

«እኔም ይመስለኛል።»

«ታዲያ?»

«ፈርሜያለሁ። እየመሰለኝ ፈርሜያለሁ።»

አማቹ በመስታወቱ ውስጥ ፊቱን ወዲያ ወዲህ እያዞረ አየ። «አንዱን ጎን ሳይጨርሱት ትተውታል» አለ።

«ቁጭ በል፣ ላስተካክልልህ።»

«ይቅር አላልኩትም ብለው ይጻፉልኝ። ይኑርና ይጠየቅ፤ ይቅር ግን አላልኩትም።»

«ማን ይቅር በል አለህ? እንዳልከው እንጽፋለን።»

እንዳለውም ተጻፈ። ኃላፊውም ቃሉን ጠበቀ፤ ሮጠ። ማረጋገጫው በሚኒስትሩና በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ተፈርሞ፣ ዳኛዋ የሰጠችው ጊዜ ሊያበቃ ጥቂት ቀን ሲቀረው ድንበር ተሻገረ።

ለመጨረሻው ቀጠሮ ሁለቱም አብረው ሄዱ። አማቹ አውቶቡሱ ውስጥ እግሩን መንገደኛ በሚያልፍበት ዘርግቶ፣ የሚያልፈውን ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የደረሰው። በችሎቱ ጠበቃው የሞት ሽረቱን ተከራከረ። «ወረቀት ነው! አንዴ እጃቸው ከገባ ማን ይቆጣጠራቸዋል?» አለ። ዳኛዋ ጥያቄውን አልናቀችውም። ጋሽ ምላጭ በፊት ቢሆን ይናደድ ነበር፤ አሁን ግን ጆሮውን አቅንቶ ሰማ። ማን እንደፈረመ፣ የፈረሙት ሰዎች ከሥልጣን ቢወርዱ ተተኪዎቹ ይገደዱበት እንደሆነ፣ ከዚህ አገር የሚላክ ሰው እስር ቤት ገብቶ ሊያየው ይችል እንደሆነ፣ ከተጠየቀበት ወንጀል ውጭ በሌላ እንዳይከሰስ ቃል መገባቱን አንድ በአንድ ጠየቀች። የኤምባሲው ሰውዬ በዚህኛው ቀን «ተስፋ» የሚለውን ቃል በአፉ አላዞረውም። «ይገደዳሉ። ይችላል። ተገብቷል» ብቻ እያለ መለሰ።

ከዚያ ዳኛዋ ውሳኔዋን አነበበች። ረጅም ነበር፤ ጋሽ ምላጭ ግማሹን አልተከታተለውም። መጨረሻው ግን እንደ ደወል ነው የተሰማው። «... ስለሆነም ተጠርጣሪው ለጠያቂው አገር ተላልፎ እንዲሰጥ ተወስኗል።»

ሥራ ተቋራጩ ርብራቡን በሁለት እጁ ጨበጠ። ወደ ሚስቱም አልዞረም። አማቹ የጋሽ ምላጭን ክንድ እስኪያመው ያዘው። ማንም አልጮኸም፤ ማንም እልል አላለም።

ሲወጡ ጋሽ ምላጭ ለዐቃቤ ሕጉ፣ «ሴትዮዋን ላመስግናት» አለው።

«ዳኛ አይመሰገንም፣ አባቴ። ሕጉን ነው የፈጸመችው።»

«እንግዲያው መርገሜን ትቻለሁ በላት።» ትንሽ ሄደና ተመለሰ። «አንተም ፀጉርህን ተቆረጥ። እኛ አገር ከመጣህ እኔው አስተካክልልሃለሁ።»

ይግባኝ ተባለ፤ ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ሰውየው በካቴና ድንበሩን ተሻገረ።

በአገር ቤት ችሎት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከንፈሩን ገጥሞ ተቀመጠ። ጋሽ ምላጭ ስለ ልጁ እንዲናገር ተጠርቶ ተናገረ፤ የፈለገውን ያህል፣ ማንም ሳያቋርጠው። አማቹም ተናገረ። ሥራ ተቋራጩ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በኋላ ግን ምሰሶው እንዲቆረጥ ፈቃድ የሰጠው የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ መጥቶ «እኔ ምንም አላየሁም፤ በራሱ ነው ያደረገው» ሲል የሥራ ተቋራጩ ቁጣ ፈነዳ። ጣቱን ቀስሮ ተነሣ።

«በራሴ? አንተ አይደለህ ቆመህ ያስቆረጥከው! ከገበያው በስተኋላ ያለውንስ ሕንፃ? የሱንም ምሰሶ እኮ የቆረጥነው በአንተ ፈቃድ ነው!»

ሥራ ተቋራጩ ራሱ የተናገረው የገባው ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መሐል ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የትኛው ሕንፃ?» አሉ። «በውስጡ ሰው ይኖራል?»

ይኖራል። ብዙ ሰው።

ችሎቱ እዚያው ላይ ተቋረጠ። ፖሊስና እሳት አደጋ ተጠሩ። በኋላ ፍርዱ ተሰጠ፤ ሥራ ተቋራጩ ዕድሜ ልክ፣ መሐንዲሱም ረጅም እስራት። ችሎቱ የተቋረጠ ዕለት ግን ጋሽ ምላጭና አማቹ ስለ ፍርድ አላሰቡም። ከችሎቱ በቀጥታ ወደ ገበያው ጀርባ ሄዱ።

መንገዱ በፍራሽ፣ በድስት፣ በልጆችና በጩኸት ተሞልቷል። የእሳት አደጋ ሰዎች በእጅ የሚያዝ ዕቃ ብቻ እያስወጡ ነዋሪውን በየተራ ያወርዳሉ። አማቹ ሥራው ስለሆነ የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎቹ ጋ ሄዶ የሁሉንም መስመር ከሚያቋርጡት ሰዎች ጋር ተቀላቀለ። ጋሽ ምላጭ ደረጃው ሥር አንዲት አሮጊት አገኘ፤ ብርድ ልብሷንና ትራሷን ታቅፋ አልንቀሳቀስም ብላለች።

«እዚህ ቤት ስገባ ወዳጄ፣ ከዚህ በኋላ አልንከራተትም ብዬ ነው የገባሁት!» ትላለች። «ማነው ውጡ ያለው? ምን ሆነ?»

«ሕንፃው ሊወድቅ ይችላል፣ እናቴ።»

«ማን አለ?»

«የሠራው ሰው ራሱ ተናገረ።»

«እሱ ጠፋ አልተባለም? ከየት ተገኝቶ ነው የተናገረው?»

ጋሽ ምላጭ ሊመልስላት አሰበና ከየት እንደሚጀምር ጠፋበት። ብርድ ልብሱን ከክንዷ ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣለ፤ ሌላውን ክንዱን ለሷ ሰጣት።

«ረጅም ነው» አላት። «ይያዙኝ፤ እየሄድን እነግርዎታለሁ።»